ስም ዒላማ አይመታም

«ኮልት ይሻላል ወይስ ስሚዝ?»

ሪቮልቨር ይዞ የተኩስ ውድድር ለመግባት ያሰበ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው። መልስ ደግሞ አያጣም። አንዱ «ከኮልት ወዲያ ላሳር!» ይለዋል። ሌላው «ሻምፒዮኖቹ በምን እንደሚተኩሱ አላየህም? ስሚዝ ግዛ» ይላል። ሦስተኛው «ሩገር እኮ ብረት ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ብሎ ይምልለታል። አራተኛው ጠቢብ ጠቢብ ይሸተውና «ዋናው ተኳሹ ነው፤ የፈለግኸውን ግዛ» ብሎ ጥሎት ይሄዳል።

አራቱም መካሪዎች ተሳስተዋል። የተሳሳቱት ስለ ብረቱ ስለማያውቁ አይደለም። ከአራቱ አንዱም «ለመሆኑ የምትገባው የትኛው ውድድር ነው?» ብሎ ስላልጠየቀ ነው።

ነገሩ የቡና ላይ ወሬ ሊመስል ይችላል። ገንዘቡን ለከፈለው ሰው ግን ወሬ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ደህና የውድድር ሪቮልቨር 1,000 ዶላር አካባቢ ይጀምራል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ጣራ የለውም። ቀበቶው፣ የሽጉጡ ማህደር፣ ማጉረሻውና ጥይቱ ሲታከሉበት የቤት ኪራይ ያስንቃል። ቨርጂኒያ ወይም ቴክሳስ የሚኖር፣ ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ፈረቃ ሲሠራ የከረመ አንድ አበሻ ያጠራቀማትን አውጥቶ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ቢደርስና «ይህ ሽጉጥ በዚህ ምድብ አይገባም» ቢባል ምን ያደርጋል? አንዳንዱ በኪሳራ ይሸጠዋል። አንዳንዱ ሽጉጡን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ሁለተኛ አይመለስም። የሪቮልቨር ምድብ በየውድድሩ ከትንንሾቹ ምድቦች አንዱ ነው። እያንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ የተመለሰ ጀማሪ ምድቡን የበለጠ ያመነምነዋል። የስም አምልኮ የሚያስከፍለው ይህን ነው።

አማርኛ ተናጋሪው ለዚህ አምልኮ ባዳ አይደለም። የፈረንሳዩ ግራ «ውጅግራ»፣ የኦስትሪያው ማንሊከር «ምንሽር» ተብሎ ፉከራና ቀረርቶ ውስጥ የገባው በዚህ ቋንቋ ነው። «ኮልት» ደግሞ የፋብሪካ ስም መሆኑ እየተረሳ የሽጉጥ ዓይነት መጠሪያ እስኪመስል ድረስ ሲነገር ኖሯል። ስም ያለው መሣሪያ የያዘ ሰው ግርማ ነበረው። ይህ ነውር የለውም። ነገር ግን ፉከራ ሌላ፣ ውድድር ሌላ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ከሰዓት ቆጣሪ በላይ ግን ውሎ አያውቅም።

ውድድሩ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ተኳሹ ሽጉጡን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል። ሰዓት ቆጣሪዋ «ጢጥ» ስትል ይመዛል፣ ይተኩሳል፣ ወደ ሌላ ቦታ ይሮጣል፣ እየሮጠ ጥይት ያጎርሳል፣ እንደገና ይተኩሳል። ዒላማው ካርቶን ወይም ብረት ነው። የሚቆጠሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ የት መታ? በስንት ሰከንድ ጨረሰ? ከሽጉጡም የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ቃታው በተሳበ ቁጥር መተኮስ፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ቶሎ መጉረስ። ከአፈሙዙ ጎን የተቀረጸውን ስም አጎንብሶ የሚያነብ ዳኛ የለም።

ሽጉጡን የሚመርጠው ደንቡ ነው

አሜሪካ ውስጥ ሪቮልቨር ይዞ የሚገባባቸው ሦስት ታዋቂ በሮች አሉ። ቁልፋቸው ለየቅል ነው።

አንደኛው ዩኤስፒኤስኤ ነው። እዚህ ተኳሹ ያገኘው ነጥብ ለፈጀበት ሰከንድ ይካፈላል። 8 ጥይት የሚጎርስ ሪቮልቨር ይፈቀዳል፤ ነጥቡ ግን «ማይነር» በሚባለው በዝቅተኛው ስሌት ይያዛል። 6 ብቻ የሚጎርሰው ደግሞ ጥይቱ በቂ ኃይል ካለው «ሜጀር» በሚባለው በከፍተኛው ስሌት ሊቆጠርለት ይችላል።

ሁለተኛው አይኮር ነው፤ ለሪቮልቨር ብቻ የቆመ ማኅበር። በውስጡ የተለያዩ ምድቦች አሉት። «ክላሲክ» የሚባለው ምድብ የሚቀበለው 6 ጥይት የሚጎርሰውን ብቻ ነው። ጥይቶቹን በአንድነት የሚይዘው ሙን ክሊፕ የሚባለው ስስ ብረትም እዚያ ክልክል ነው።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው አይዲፒኤ ነው። እዚህ ሰው በየዕለቱ ሊታጠቀው የሚችል ዓይነት ሽጉጥ ነው የሚፈለገው። አፈሙዙ ከ4 ኢንች ብዙም ሊዘል አይችልም፤ የሚጎርሰውም ቢበዛ 6 ጥይት ነው።

አሁን የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 929 ይምጣ። 9 ሚሊ ሜትር ጥይት 8 ይጎርሳል፤ አፈሙዙ 6.5 ኢንች ነው፤ የሚሞላውም በሙን ክሊፕ ነው። ዩኤስፒኤስኤ ሜዳ ላይ ከምርጦቹ ተርታ ይሰለፋል። ይኸው ሽጉጥ፣ በዚሁ ሰው እጅ፣ አይኮር ክላሲክ ምድብ ሲሄድ ከበር ይመለሳል። አይዲፒኤ ሲሄድም ከበር ይመለሳል። ብረቱ አልተለወጠም፤ ስሙም አልተለወጠም። ታዲያ «ስሚዝ ይሻላል» ያለው መካሪ ለየትኛው በር ነበር የመከረው?

ንጉሡን ማን ገለበጠው?

የስም አማኞች ትልቁ ማስረጃ ጄሪ ሚኩሌክ ነው። ሉዊዚያናዊው ተኳሽ እ.ኤ.አ. በ1999 ባለ 6 ጥይት ሪቮልቨር ይዞ 6 ተኩሶ፣ እንደገና አጉርሶ፣ ሌላ 6 ተኮሰ። 12ቱን ጥይት የጨረሰው በ2.99 ሰከንድ ነው። የያዘው የስሚዝ ሞዴል 625 ነበር። «አየህ? ስሚዝ!» ይላሉ።

ይበሉ። ግን 625 ለምን ተመረጠ የሚለውን ይመልሱ። 625 የሚጎርሰው .45 ኤሲፒ የሚባለውን አጭርና ወፍራም ጥይት ነው። ስድስቱ በአንድ ሙን ክሊፕ ተይዘው አንድ ላይ ይገባሉ፣ አንድ ላይ ይወጣሉ። ጥይቱ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይገባል፤ ቀለሁም ቶሎ ይወድቃል። ኃይሉም ሜጀር የሚባለውን ልክ በቀላሉ ያልፋል። ልኩ የሚሰላው የጥይቱን ክብደት በፍጥነቱ አባዝቶ ለ1,000 በማካፈል ነው። 230 ግሬን የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 740 ጫማ ቢሄድ 170 ይሆናል፤ ዩኤስፒኤስኤ ለሜጀር የሚጠይቀው 165 ነው። ባለ 6 ጥይት ሪቮልቨር ብቻ በነገሠበት ዘመን ከዚህ የተሻለ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

በኋላ ደንቡ ተለወጠ፤ 8 ጥይት የሚጎርሰው ሪቮልቨር በማይነር ስሌት እንዲገባ ተፈቀደ። የ625 ንግሥናም አበቃ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። በዩኤስፒኤስኤ ደንብ ረጅሙ የተኩስ ጣቢያ 32 ጥይት ይጠይቃል፤ ከአንድ ቦታ ቆሞ ደግሞ ከ8 በላይ መምታት ግዴታ እንዲሆን አይፈቀድም። ስለዚህ ባለ 8ቱ አንድ ቦታ ላይ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲሮጥ ያጎርሳል። ባለ 6ቱ ግን ስድስተኛው ላይ ባዶ ይሆናል፤ ሁለት ዒላማ እያየው ቆሞ ያጎርሳል።

32 ጥይት ለመተኮስ ባለ 8ቱ 3 ጊዜ፣ ባለ 6ቱ 5 ጊዜ ማጉረስ አለባቸው። ለምሳሌ አንዱ ማጉረስ 3 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ልዩነቱ 6 ሰከንድ ነው። ሁለቱም ተኳሾች 20 ጥይት መሐል ላይ፣ 12 ጥይት ቀጥሎ ያለው ክልል ላይ መቱ እንበል። መሐሉ ለሁለቱም 5 ነጥብ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ለሜጀር 4፣ ለማይነር 3 ነው። ባለ 6ቱ 148 ነጥብ፣ ባለ 8ቱ 136 ነጥብ አገኙ። የመጀመሪያው በ30 ሰከንድ፣ ሁለተኛው በ24 ሰከንድ ጨረሱ። ሲካፈል ባለ 6ቱ 4.93፣ ባለ 8ቱ 5.67 ይሆናል። ነጥብ ያነሰው አሸነፈ።

እንግዲህ 625ን ከዙፋኑ ያወረደው ኮልት አይደለም፣ ሩገርም አይደለም። አንድ የደንብ አንቀጽ ነው። ቦታውን ከያዙት መካከል ደግሞ የዚያው የስሚዝ ባለ 8 ጥይቶቹ 627 እና 929 ይገኙበታል። «ስሚዝ ግዛ» የተባለ ጀማሪ ስሚዝ ገዝቶም ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። ስሙ ትክክል ሆኖ ሽጉጡ ስሕተት ሲሆን ማየት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

የኮልት ጥይት በስሚዝ ሆድ

የስም ጦረኞችን ዝም ሊያሰኝ የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ባለ 8 ጥይቱን 627 የሚተኩሱ ብዙ ተወዳዳሪዎች የሚያጎርሱት ሽጉጡ የተሠራለትን .357 ማግነም አይደለም። .38 ሾርት ኮልት የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥይት ነው። አጭር ስለሆነ ይመርጡታል፤ ሙን ክሊፑ ላይ ተሰክቶ ቶሎ ይገባል፣ ሲተኮስም ቀለሁ ሳይንገራገጭ ይወጣል። የኮልትን ስም የያዘ ጥይት በስሚዝ ሪቮልቨር ውስጥ ሆኖ ውድድር ያሸንፋል። ያም ተኳሽ ለኮልት አልማለም፣ ለስሚዝም አልማለም። ለአንድ አምስተኛ ሰከንድ ነው የማለው።

ማጉረሻውም እንደዚሁ ነው። በሙን ክሊፕ የሚሠራ ሽጉጥ ያለው ሰው ክሊፑ በጥቂቱ ከጎበጠ ሲሊንደሩ፣ ማለትም እንደ ከበሮ የሚዞረው የጥይት ማኅደር፣ እየተያዘ ቃታው ይከብደዋል። ስለዚህ ደርዘን ደርዘን ክሊፕ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱን እየፈተሸ ይጥላል፣ ይተካል። ለሽጉጡ የሚሆን ክሊፕ ገበያ ላይ እንደልብ ከሌለ ሽጉጡ የቱንም ያህል ቢያምር ግማሽ ሽጉጥ ነው። ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «ስሙ ማን ነው?» ብሎ አይደለም። «ክሊፑ የት ይገኛል? ስንት ነው? ነገ ቢጎብጥ በስንት ቀን ይደርስልኛል?» ብሎ ነው።

ለስላሳ ቃታ፣ ደረቅ ጠቅታ

«የኮልት ቃታ እንደ ቅቤ ነው» የሚል ምስክርነት ከጥንት ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የኮልት ፓይተን ዝናው በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው፤ ዝናውም ባዶ አይደለም። ነገር ግን በውድድር ላይ የቃታ ነገር ከቅቤነት ይለያል።

የሪቮልቨር ቃታ ሁለት ሥራ በአንድ ስበት ይሠራል፤ ሲሊንደሩን ያዞራል፣ መዶሻውን ወደ ኋላ አንሥቶ ይለቃል። ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ ይከብዳል። ተወዳዳሪው ይህን ሊያቀል ሞላውን ይለውጣል። ሞላው ሲላላ ቃታው ይቀላል፤ የመዶሻውም ምት አብሮ ይላላል። ምቱ ከላላ ደግሞ ቀለሁ ግርጌ ላይ ያለችውን ፕራይመር ላያቀጣጥላት ይችላል። ከዚያ የሚሰማው ተኩስ አይደለም፤ ደረቅ ጠቅታ ነው። ሰዓቷ ግን ትቆጥራለች።

ስለዚህ ነው ቃታቸውን ያቀለሉ ተወዳዳሪዎች ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉትና ፕራይመሯ ለስላሳ ናት የተባለችውን ፌደራልን የሚያሳድዱት። ሽጉጡ፣ ሞላውና ፕራይመሩ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከሱቅ የተገኘውን ማንኛውንም ጥይት የሚተኩስ ጀማሪ ቃታው እጅግ የቀለለ ሽጉጥ ቢሸጡለት ውለታ አልዋሉለትም፤ ጉድጓድ ነው የቆፈሩለት። ለእርሱ የሚበጀው በ9 ፓውንድ ሁልጊዜ የሚተኩስ ነው፤ በ6 ፓውንድ አንዳንዴ የሚተኩሰው አይበጀውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ታዲያ ስም ምንም አይደለም?

እዚህ ላይ አራተኛው መካሪ፣ ያ «ዋናው ተኳሹ ነው» ባዩ፣ ደስ ሊለው ይችላል። ቀድሞ ደስ ባይለው ይሻላል። የእርሱ ስሕተት ከሦስቱም ይከፋል፤ ምክንያቱም ትሕትና ይመስላል።

ፋብሪካ ከፋብሪካ ይለያል፤ የሚለየው ግን የስም አማኞች በሚያነሡት ነገር አይደለም። መጀመሪያ አውራ ጣት አለ። የስሚዝን ሲሊንደር ለመክፈት ቁልፉ ወደ ፊት ይገፋል። የኮልቱ ወደ ኋላ ይሳባል። የሩገሩ ወደ ውስጥ ይጫናል። የስሚዝና የሩገር ሲሊንደር ወደ ግራ ሲዞር የኮልቱ ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህ ሺህ ጊዜ የተለማመደውን እጅ ይመለከታል። በየዓመቱ ስም የሚለዋውጥ ተኳሽ በየዓመቱ አውራ ጣቱን አንደኛ ክፍል ያስገባል።

ሁለተኛው መለዋወጫ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሪቮልቨር ውድድርን ለረጅም ዘመን ስለያዘ በዙሪያው መንደር በቅሏል፤ ማህደሩ፣ ክሊፑ፣ ስፒድ ሎደሩ፣ ሞላው፣ እጀታው፣ እነዚህን የሚያውቅ ጠጋኝ ሁሉ አለ። ኮልት በአንጻሩ ፓይተንን ለዓመታት አቁሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው እንደገና ያወጣው። ባለ 8 ጥይቱና ሙን ክሊፑ ሜዳውን ሲይዙ ፓይተን ከሜዳው ውጭ ነበር፤ ሲመለስም ባለ 6 ጥይት ሆኖ ተመለሰ። ሩገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጂፒ100 ሌላ መንገድ መረጠ፤ የሽጉጡ ጎን የሚከፈት ክዳን የለውም፣ የቃታው ክፍል በአንድነት ከሥር ይወጣል። ሞላውን ባለቤቱ ራሱ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሊለውጠው ይችላል። በኋላም ሱፐር ጂፒ100 የሚባል ባለ 8 ጥይት የውድድር ሞዴል አውጥቷል።

እነዚህ ልዩነቶች ሁሉ የሚዳሰሱ፣ የሚለኩ፣ የሚጠየቁ ናቸው። ጀማሪውን «ዋናው አንተ ነህ» ብሎ መሸኘት እነዚህን ሁሉ መንፈግ ነው። ተኳሹ ዋና መሆኑን ማን ካደ? ዋና ስለሆነም ነው ልምምዱን የማያባክንበት ሽጉጥ የሚገባው።

ፍርዱ

እንግዲህ ጎን ለጎን ማድነቅ ይቅርና ይፈረድ።

ገና የትኛውን በር እንደሚወድ ያላወቀ ጀማሪ ባለ 6 ጥይት፣ ባለ 4 ኢንች ገደማ አፈሙዝ፣ .357 የሆነ ሪቮልቨር ይግዛ፤ .38 ስፔሻልም ይተኩስበታል፣ ርግጫውም ዋጋውም ይቀልለታል። የስሚዝ 686 ወይም የሩገር ጂፒ100 ይሁን። እንዲህ ያለው ሽጉጥ አይዲፒኤ ይገባል፣ አይኮር ክላሲክ ይገባል፣ ዩኤስፒኤስኤ ላይም ባያሸንፍ ያስተምራል። ከሁለቱ በገንዘብ የሚቀንሰውንና እጁ ላይ የተመቸውን ይውሰድ። ሞላ በራሱ መለወጥ የሚፈልግ ወደ ሩገር፣ ብዙ መለዋወጫና ጠጋኝ የሚፈልግ ወደ ስሚዝ ያድላ። ከዚያ በላይ የሚጨቃጨቁበት ምክንያት የለም።

ዩኤስፒኤስኤ ላይ ለማሸነፍ የቆረጠ ሰው ባለ 8 ጥይት ይግዛ። ይህን የሚገዛው ግን አንድ የውድድር ዘመን ከተኮሰ በኋላ፣ የጥይት ወጪውንም አስልቶ ነው። ባለ 6ቱን .45 «ሚኩሌክ የተኮሰበት» ብሎ ለዚህ ውድድር ዛሬ የሚገዛ ሰው ታሪክ ገዛ እንጂ ውድድር አልገዛም።

ፓይተንስ? ፓይተን ይገባል፤ ደንብ አይከለክለውም። ነገር ግን በ2020 ሲመለስ የተቆረጠለት ዝርዝር ዋጋ 1,499 ዶላር ነበር፤ ጂፒ100 ከዚያ በብዙ መቶ ዶላር ያንሳል። በዚያ ልዩነት በሺህ የሚቆጠር ጥይት ባይገዛ እንኳ ብዙ መቶ ይገዛል፤ የብዙ ቅዳሜዎች የውድድር መግቢያም ይከፈላል። ሁለቱም ሽጉጦች አንድ ዓይነት በር ላይ እኩል ከቆሙ ልዩነቱን ጥይት ያደረገው ሰው በዓመቱ መጨረሻ ይቀድማል።

የፓይተን ወዳጆች እዚህ ላይ ይቆጣሉ። «ውበቱስ? ክብሩስ? ለልጅ ማውረሱስ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ውብ ነው። ሰው ያማረውን ቢገዛ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይዞት ወጥቶ ቢደሰትበት፣ መጨረሻ ቢወጣም ቅር ባይለው፣ ማን ሊከለክለው? ገንዘቡ የራሱ ነው። ብቻ ፍቅሩን ፍቅር ይበለው። ፍቅሩን ምክር አስመስሎ ለጀማሪ አይሽጥበት። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል፤ «ውድ ነው ግን እወደዋለሁ» ያለና «ለማሸነፍ ይህን ግዛ» ያለ ሰው አንድ አይደሉም።

ማመን ያቃተው ይለካ

ይህን ሁሉ በቃል ማመን አያስፈልግም። ከሚኩሌክ ብዙ ዘመን በፊት ኤድ ማክጊቨርን የሚባል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ከሪቮልቨር 5 ጥይት በ0.45 ሰከንድ ተኮሰ። ይህ ሰው በዝናው ላይ ተኝቶ አልኖረም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰዓት መለኪያ እየተጠቀመ ተኩሱን ይመዘግብ ነበር። ከዘጠና ዓመት በኋላ አንድ የሰዓት ቆጣሪ በአንድ ጥሩ ማህደር ዋጋ በሚገዛበት ዘመን ስለ ሽጉጥ በስሜት መከራከር ምን ይሉታል?

ስለዚህ ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ጀማሪው አንድ ቅዳሜ ሜዳ ይሂድ። ባዶ እጁን ይሂድ። የሪቮልቨር ተኳሾች ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ይደሰታሉ፣ ከውድድሩ በኋላ በደህንነት ኃላፊው ፊት ሽጉጣቸውን አያስነኩም የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። ሁለት ሦስት ዓይነት ይሞክር። ከእያንዳንዱ 6 ተኩሶ፣ አጉርሶ፣ 6 ይተኩስ። አምስት አምስት ጊዜ ይደጋግም። ሰዓቱን ይጻፍ፣ ቀዳዳውን ይቁጠር። ፈጣኑን አንድ ሙከራ አይምረጥ፤ የአምስቱን አማካይ ይውሰድ። ከዚያ የሚወደውን ሽጉጥና የሚያሸንፍበትን ሽጉጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያቸዋል። አንድ ከሆኑ እሰየው። ካልሆኑ ቢያንስ የሚከፍለው ለየትኛው እንደሆነ ያውቃል።

የአገሩን ሕግም አስቀድሞ ይጠይቅ። አሜሪካ ውስጥ የሽጉጥ ሕግ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቨርጂኒያ የሚፈቀደው ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲደርስ ሌላ ወረቀት ይጠይቃል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ዓይነትም መሣሪያ መግዛት መቻል አለመቻሉን ይወስናል። ይህን ያልጠየቀ ሰው ስለ ቃታ ክብደት ቢጨነቅ ትርፉ ድካም ነው።

ከገዛ በኋላስ? ከገዛ በኋላ ክርክሩን ይተው። ባዶነቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጦ፣ ጥይት ሌላ ክፍል አስቀምጦ፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ ቃታ ይሳብ፣ የማጉረስ እንቅስቃሴ ይለማመድ። በሦስት ወር ውስጥ የማጉረሻ ጊዜው በአንድ ሰከንድ ቢቀንስ በ32 ጥይቱ ጣቢያ ላይ 5 ሰከንድ አተረፈ። የትኛውም ፋብሪካ 5 ሰከንድ በካርቶን አሽጎ አይሸጥም።

ውድድሩ ሲያበቃ ዳኛው ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አይቶ ውጤቱን ይመዘግባል። መዝገቡ ላይ የተኳሹ ስም አለ። ምድቡ አለ። የመታው፣ የሳተውና ሰዓቱ አለ። የፋብሪካው ስም የሚሞላበት መስመር የለውም።